ማዞርና ራስ ምታት አብረው ሲመጡ፦ የውስጥ ጆሮ ችግር ላለበት ሰው ደረጃ በደረጃ

የጆሮ ሚዛን ችግር ያለበት ሰው ራሱን ሲያመው የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ለራስ ምታቱ ማስታገሻ ይውጣል። ለማዞሩ ሌላ ክኒን ይደርባል። በማግስቱም እንደዚያው። ትንሽ ቆይቶ ማስታገሻው የድሮ ጉልበቱን ያጣል፤ ማዞሩም እዚያው አለ። ያን ጊዜ "ሰውነቴ ለመደው" ይልና ጠንከር ያለ ፍለጋ ሌላ ፋርማሲ ይገባል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመድኃኒት ምርጫ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። የትኛው ማዞር እንደያዘው ሳይለይ ማከም ይጀምራል። ክኒን የዋጠባቸውን ቀናት አይቆጥርም። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ደግሞ "ያዞረኛል፣ ራሴን ያመኛል" ከማለት በቀር የሚያስረዳው የለውም። ከታች ያለውን በተራው ሂዱበት። ደረጃ አትዝለሉ።

መመሪያው ለአዋቂዎች ነው። እርጉዝ ወይም አጥቢ ከሆናችሁ፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለባችሁ፣ ስለ መድኃኒት የተጻፈውን ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ ቤት ተቀምጦ የማይጠበቀውን ለዩ

ከእነዚህ አንዱ ካለ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

- ራስ ምታቱ ድንገት መጥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ከደረሰ።
- ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ።
- ማዞሩ ተደግፋችሁም እንኳ የማያስቆማችሁ ከሆነ።
- ትኩሳት ኖሮ አንገት ከተገተረ፣ ሰው ራሱን ከሳተ ወይም ከተንቀጠቀጠ።
- ሕመሙ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከጀመረ።
- ዕድሜ 50 ካለፈ በኋላ ወይም ኤችአይቪ አልያም ካንሰር እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አዲስ ዓይነት ራስ ምታት ከሆነ።
- እርጉዝ ወይም በቅርብ የወለደች ሴት ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ አብረው ከያዟት።
- አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ።

የመጨረሻውን ብዙ ሰው "ውሃ ገብቶበት ነው" ብሎ ሳምንት ያሳልፈዋል። አታሳልፉት። ለእሱ የሚሰጠው ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።

ከዚህ ሌላ እኛ ሀዋሳ የምንኖር ሰዎች ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን የሚጠዘጥዝ ራስ ምታት) ነው ከማለታችን በፊት ልናወጣቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ወባ ነው። ማይግሬን ትኩሳት አያመጣም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ኖሮ ሰውነት ካተኮሰ ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ። ማስታገሻ ትኩሳቱን ሸፍኖት እንዳያታልላችሁ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ሙቀታችሁን ለኩ።

ሁለተኛው የከሰል ጭስ ነው። በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ልክ ማይግሬን ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ሰውም ራሱን ያመዋል ወይ? ውጭ ስትወጡ ይቀላችኋል? አዎ ከሆነ በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ ማቅለሽለሹ ወይም ድካሙ ካልለቀቀ ጤና ተቋም ሂዱ። ዝናብ ሲሆን ከሰሉን ወደ መኝታ ቤት የማስገባት ልማድ አሁኑኑ ይቅር።

ደረጃ 2፦ ማዞሩን በሰዓት ለኩ

"ያዞረኛል" ብቻውን ምንም አይናገርም። ለሐኪሙም ለእናንተም ትልቁ ፍንጭ ማዞሩ ስንት ጊዜ ቆየ የሚለው ነው። ስልካችሁን አውጡና ሰዓት ያዙ።

ከ1 ደቂቃ በታች፦ አልጋ ላይ ስትገላበጡ ወይም ቁም ሳጥን ላይ ያለ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስትሉ ቤቱ ይሽከረከርና ያቆማል። ይህ ብዙውን ጊዜ በውስጥ ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ሲንሸራተቱ የሚመጣው ነው። ይህን ክኒን አያድነውም። መፍትሔው ጭንቅላትን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞሩ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ኤፕሊ የሚባለው ዘዴ ነው። መጀመሪያ ባለሙያ ይሥራላችሁ። የትኛው ጆሮ እንደሆነ ሳይታወቅ በቪዲዮ እያዩ መሞከር ትርፉ ማስታወክ ነው።

ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት፣ ከጆሮ ምልክት ጋር፦ አንድ ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮኻል፣ መስማት ይቀንሳል፤ ከዚያ ያዞራል። ሜኒየር የሚባለው ሕመም እንዲህ ነው። የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቀናት ሙሉ ያለ ማቋረጥ፦ የሚዛን ነርቭ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ስትሮክም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያይ ቤት አይጠበቅም።

ከተቀመጡበት ሲነሱ ብቻ፦ ይህ የጆሮ ሳይሆን የደም ግፊት መውረድ፣ የውሃ ማነስ ወይም የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ግፊታችሁን ተኝታችሁ፣ ከዚያም ከቆማችሁ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ አስለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም ንገሩ።

ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት፣ ከማይግሬን ምልክት ጋር፦ ይህ ነው የሚያሳስተው። ማይግሬን ራሱ ያዞራል። ሐኪሞች "የሚዛን ማይግሬን" የሚል ስም የሚሰጡት ቢያንስ 5 ጊዜ ከተደጋገመ፣ ሰውየው ከዚህ በፊት ማይግሬን ኖሮት ከሆነ ወይም አሁን ካለበት፣ እና ቢያንስ በግማሾቹ ጥቃቶች ላይ የማይግሬን ምልክት ከታየ ነው። ምልክቱ በአንድ ጎን የሚጠዘጥዝና ስትንቀሳቀሱ የሚብስ ራስ ምታት፣ ብርሃንና ድምፅን አብሮ መጥላት፣ ወይም ዓይን ላይ ብልጭ የሚል መስመር ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፣ ራስ ምታት የግድ አይደለም። አንድ ቀን ራስ ምታት ያለ ማዞር፣ ሌላ ቀን ማዞር ያለ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው "ራሴን ስላላመመኝ ማይግሬን አይደለም" ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው የጆሮ ሕመምና ማይግሬን አብረው መኖራቸው ነው። ሜኒየር ወይም የተንሸራተተ ቅንጣት ያለባቸው ሰዎች ማይግሬን ከሌላው ሰው ይበልጥ ያጠቃቸዋል። የጆሮው ማዞር ማይግሬኑን ሊቀሰቅሰው ይችላል። በዚህ ላይ እንዳያዞረው ፈርቶ አንገቱን አድርቆ የሚውል ሰው ከማጅራቱ የሚነሳ ሌላ ራስ ምታት ይጨመርበታል። ስለዚህ "የጆሮ ነው ወይስ የራስ?" ብላችሁ አትከራከሩ። ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ።

ደረጃ 3፦ ለ4 ሳምንት ደብተር ያዙ

ትንሽ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይ መጻፍ የሚቀላችሁ በስልክ ጻፉ፤ ግን ጥቃት ላይ ሆኖ ስክሪን ማየት እንደሚያብስ እወቁ። እኔ ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱ ቀን እንዲህ ይመስላል፦

*ጥቅምት 9። ጠዋት 1፡30 ጀመረ። ማዞር 40 ደቂቃ። ራስ ምታት በግራ፣ ከ10 ስድስት። ብርሃን ጠላሁ። ጆሮ ደህና። ትናንት ምሳ አልበላሁም፣ ቡና 4 ስኒ፣ ማታ 6፡00 ተኛሁ። ፓራሲታሞል 2 ክኒን 1፡45 ላይ። 3፡30 ላይ ተሻለ።*

ሰባት ነገር አለው፦ የጀመረበት ሰዓት፣ የማዞሩ ርዝመት፣ የራስ ምታቱ ጎንና ክብደት፣ ብርሃንና ድምፅ፣ ጆሮ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የተበላው፣ የተጠጣውና የተተኛው፣ የተዋጠው ክኒን። ሴቶች የወር አበባ የመጣበትን ቀን አክብቡበት። ብዙ ጊዜ የማይግሬኑ ቀን ከእሱ ጋር ይገጥማል።

ደህና የዋላችሁበትን ቀንም "ደህና" ብላችሁ ጻፉ። የታመሙበትን ብቻ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ያኔ ቡና የጠጣችሁበት ደህና ቀን ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ቡናውም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

መጻፍ ከረሳችሁ? የሁለት ቀኑን ከትዝታ አትሙሉት። ባዶ ተዉትና ከዛሬ ቀጥሉ። በግምት የተሞላ ደብተር ያሳስታል።

ደረጃ 4፦ ጥቃቱ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ሰዓት

በሰላሙ ቀን አንድ ከረጢት አዘጋጁ፦ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የፈቀደላችሁ ማስታገሻና የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ የታሸገ ውሃ፣ ፌስታል፣ ዓይን የሚሸፍን ነጠላ ወይም ሻሽ። ማዞር ሲጀምር ተነስቶ መሳቢያ መፈተሽ አይቻልም።

1. ቁሙ። ብስክሌት ወይም ሞተር ላይ ከሆናችሁ ውረዱ። ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁ አሽከርካሪውን "ወንድሜ፣ ጥግ ያዝልኝ" በሉት። ምድጃ አጠገብ ከሆናችሁ ራቁ። መሬት ላይ መቀመጥ አያሳፍርም፤ መውደቅ ይብሳል።

2. ጨለም ያለና ፀጥ ያለ ቦታ ግቡ። እጣን እየጨሰ ከሆነ ይውጣ። ሽቶና የሽንኩርት ቁሌትም እንደዚሁ። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ይወቅ፤ በዚያ ሰዓት ማስረዳት ይከብዳል።

3. ጭንቅላታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። አንገት አታዙሩ። የሚያሽከረክራችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ግድግዳው ላይ ያለ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ትከሉ። ብርሃኑ የሚብስባችሁ ከሆነ ጨፍኑ።

4. የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መጀመሪያ የታዘዘላችሁን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ውሰዱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ማስታገሻው ሳይሠራ እዚያው ይቀመጣል።

5. ከዚያ ማስታገሻውን በበቂ መጠን፣ በጊዜ ውሰዱ። ለአዋቂ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ 1000 ሚሊግራም ነው፤ ማለትም ባለ 500ው 2 ክኒን። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ፤ በሁለቱ መካከልም ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ወይም አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ባለሙያ ይንገረው። ኢቡፕሮፌን ከሆነ 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ ኢቡፕሮፌንም ዳይክሎፍናክም አትንኩ።

6. ውሃ ወይም ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ። ግንባርና ማጅራት ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ።

7. ሲሻላችሁ ዘላችሁ አትነሱ። አልጋው ጠርዝ ላይ እግር አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ ግድግዳ ይዛችሁ ቁሙ። በዚያ ቀን መኪናም ሞተርም አትንዱ።

በዚህ ደረጃ የሚበላሹ ነገሮች

"እስኪብስ ልጠብቅ" ማለት። ይህ ዋናው ነው። ማስታገሻ የሚሠራው ሕመሙ ቀለል ብሎ እያለ ነው። ጣሪያ ከነካ በኋላ ሁለት ክኒን ምንም አይመስለውም። ቶሎ መውሰድና ብዙ ቀን መውሰድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደረጃ 5ን አንብቡ።

ክኒኑ ከተተፋ። ደርባችሁ አትዋጡ። ስንት እንደገባ አታውቁትም። በተደጋጋሚ የሚያስታውካችሁ ከሆነ የሚቀጥለውን ጥቃት ቤት አትጠብቁ፤ በመርፌ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ እንዲያዝላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ማዞሩን የሚያስታግሰው ክኒን። እንደ ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚን ያሉት ለጥቃቱ ጊዜ ናቸው። ከ3 ቀን በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀጥሉ። አንጎላችሁ የተዛባውን ሚዛን ራሱ መልሶ እንዳይማር ያዘገዩታል፣ ያስተኛሉ። ሲናሪዚን ደግሞ ለወራት ሲወሰድ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ እጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል። እማማ ወይም አባባ ለዓመት የሚወስዱት "የማዞር ክኒን" ምን እንደሆነ ዛሬ ማሸጊያውን እዩ።

ኤርጎታሚን ያለበት የማይግሬን ክኒን። ከጎረቤት ተውሳችሁ አትዋጡ። ለእርጉዝ፣ ለልብ ሕመምተኛና ግፊቱ ለማይረጋ ሰው አይሆንም። ሪቶናቪር ካለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች፣ ከኤሪትሮማይሲን ወይም ከክላሪትሮማይሲን ጋር ከተገናኘ የእጅና የእግር ደም ሥር አጥብቦ ጣት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ጣት ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የሚያሳፍራችሁም ቢሆን፣ ለፋርማሲስቱ ጠጋ ብላችሁ ንገሩ።

አስፒሪን። በብዛት ሲወሰድ ጆሮ ያስጮኻል። ጆሯችሁ ቀድሞም የሚጮህ ከሆነ ሌላ ምረጡ።

በ72 ሰዓት ያልለቀቀ ጥቃት ቤት አይታከምም።

ደረጃ 5፦ ክኒን የዋጣችሁበትን ቀን ቁጠሩ

ደብተሩን ግለጡ። ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ማስታገሻ የዋጣችሁባቸው ቀናት ስንት ናቸው? የክኒኑን ብዛት ሳይሆን ቀኑን ቁጠሩ።

እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ኤርጎታሚን፣ ትራማዶል ወይም ካፌይን ያለባቸው ማስታገሻዎች ላይ ገደቡ 10 ቀን ነው። "ለመደኝ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ጠንከር ያለ መፈለግ ያባብሰዋል።

ከገደቡ ካለፋችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. የምትወስዱት ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን ብቻ ከሆነ ሐኪም አማክራችሁ በአንድ ጊዜ አቁሙ። ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም የእንቅልፍ ክኒን ካለበት በራሳችሁ አታቁሙ፤ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ይወርዳል።
2. ሥራ ቀለል የሚልበትን ሳምንት ምረጡ። ሠርግና ፈተና ያለበት ሳምንት አይሆንም።
3. ከ2 እስከ 10 ቀን ራስ ምታቱ እንደሚብስ አስቀድማችሁ እወቁ። ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣትም አለ። አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ወደ ክኒኑ የሚመለሰው ይህን ማንም ስላልነገረው ነው።
4. ካለፈ በኋላ ደንቡ፦ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ማስታገሻ የለም።

ደረጃ 6፦ ቀስቃሹን አንድ በአንድ ፈትሹ

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አታቋርጡ። አንድ ነገር ለውጡ፣ 2 ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ ደብተሩን እዩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ቡና። ከዚህ ጀምሩ። ቡና ለማይግሬን ጠላትም ወዳጅም ነው፤ ክፉው ነገር መጠኑ መዋዠቁ ነው። ቡና የለመደ ሰው ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበረታል፣ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። በሥራ ቀን አንድ ስኒ፣ እሑድ ግን አቦል ቶና በረካ ሳይቀር የምትጠጡ ከሆነ ሰኞ የሚይዛችሁን ራስ ምታት ሌላ ቦታ አትፈልጉት። ያላችሁበትን የስኒ ብዛት ጻፉ። በየ3 ወይም 4 ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሱ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ላይ ስትደርሱ ቁሙና ሰዓቱን አጽኑት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይሁን። ቡናው ላይ ተቀምጦ ቶናውን አልጠጣም ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ቡና የምታፈላዋ እትዬ "ምነው ጠላሽኝ?" ስትል። ስኒውን ተቀብላችሁ ግማሽ ብቻ ይቀዳላችሁ።

ራስ ምታቱ ከጠናባችሁ መቀነሱን አቁማችሁ አንድ ስኒ መልሱ፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ሞክሩ።

ጾም። ምግብ መዝለልና ውሃ ማነስ ሁለቱም ቀስቃሽ ናቸው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ራስ ምታት ግን ብዙ ጊዜ የረሃብ ብቻ ሳይሆን ጠዋት የቀረበት ቡናም ጭምር ነው። ስለዚህ ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን 2 ሳምንት ቀድማችሁ ቡናውን ቀንሱ። በረመዳን ሱሁርን አትዝለሉ፤ ጨው የበዛበትን ትታችሁ ውሃውን በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ከፋፍላችሁ ጠጡ። በጾም ወራት የጥቃቱ ቀን እጥፍ ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ዑስታዛችሁን አማክሩ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። መድኃኒቱን ግን በጾም ምክንያት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሰዓቱ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

እንቅልፍ። የእሑድ እንቅልፍም ይቆጠራል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተኙ፣ በአንድ ሰዓት ተነሱ።

የሚንቀሳቀስ ነገር። የሚዛን ችግር ያለበት ሰው በዓይኑ ላይ ይደገፋል፤ ዓይኑ ፊት ነገር ሲንቀሳቀስ ይዞርበታል። አሞራ ገደል ቆማችሁ ሐይቁ ላይ ያለውን ሞገድ ቁልቁል ስታዩ ምድር የምትሸሽ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው። ማዶ ያለውን ተራራ እዩ እንጂ ውሃውን አትዩ። ጀልባውን ለጊዜው ተዉት። ባጃጅ ውስጥ በጎን የሚያልፈውን ሕንፃና በዛፍ መሃል ብልጭ ድርግም የሚለውን ፀሐይ አትከተሉ፤ በሹፌሩ ትከሻ ላይ አሻግራችሁ መንገዱን እዩ። ኮብልስቶን ሲጀምር ጭንቅላታችሁን ከብረቱ ጋር አታስደግፉ። አዲስ አበባ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ ከፊት ያለ ወንበር ያዙ፣ ስልክ አትንኩ፣ ባዶ ሆድም ጠግቦም አትሳፈሩ።

ከሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ይርዳችሁ። ቤት ውስጥ ግን ጥቁር መነጽር አታድርጉ፤ ዓይን ጨለማ ይለምድና ብርሃን መቻል ያቅተዋል።

ጨው። ሜኒየር ለተባለላችሁ ብቻ፦ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የገባው ጨው ከወጡ ጨው ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። ለሌሎቻችሁ ጨው መቁረጥ ግዴታ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ጥቃት በሌለበት ቀን ሚዛናችሁን አለማምዱ

ማዞር የፈራ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ደግሞ ማዞሩ አይለቀውም። ይህ ልምምድ ግን ራስ ምታት ባለበት ቀን አይሠራም።

ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ ከፊታችሁ ወንበር አድርጋችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ላይ ተቀምጣችሁ ይሁን። አውራ ጣታችሁን ቀና አድርጋችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ። ዓይናችሁን ጥፍሩ ላይ ትከሉ። ጣቱ ሳይነቃነቅ ጭንቅላታችሁን ብቻ "አይሆንም" እንደሚል ሰው ወደ ግራና ቀኝ አዙሩ። ጥፍሩ ከደበዘዘ ፍጥነት ቀንሱ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። አርፋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ድገሙት። በቀን ሦስት ጊዜ።

ትንሽ ማዞር የሚጠበቅ ነው። መለኪያው በ20 ደቂቃ ውስጥ መለቀቁ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም ራስ ምታት ካስነሳ በሚቀጥለው ቀን ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ። ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላው ቀስ ብሎ መጨመር አለበት፤ እልህ አይጠቅምም።

ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ጨምሩበት። ትከሻና አንገት ከደረቀ ለብ ያለ ጨርቅ አድርጉበትና ትከሻችሁን ወደ ኋላ አሽከርክሩ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ አንገት አታስጠምዝዙ።

ደረጃ 8፦ ሐኪም ፊት የምትሉት

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ወረፋውንም ገንዘቡንም ያባክናል። ደብተሩን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ሁሉ፣ የቆየ የመስማት ምርመራ ካለ እሱን ያዙ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦

"ማዞሩ ይህን ያህል ይቆያል፤ በወር ይህን ያህል ቀን፤ ራስ ምታት ከስንቱ ጋር ነበረ፤ ጆሮዬ እንዲህ ይሆናል፤ ማስታገሻ በወር ይህን ያህል ቀን እወስዳለሁ።"

ከዚህ በፊት ጄንታማይሲን ወይም የቲቢ መርፌ ተወግታችሁ ከሆነ ንገሩ፤ የሚዛንን ክፍል ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው። ከራስ ምታቱ በፊት ዓይናችሁ ላይ ብልጭታ የሚታይባችሁና የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስዱ ሴቶች ይህን ሳትናገሩ አትውጡ። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ከእንዲህ ዓይነቱ ማይግሬን ጋር የስትሮክ አደጋን ይጨምራል።

ጥቃቱ በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሥራ የሚያስቀር ከሆነ "መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ማታ ይወሰዳል፤ እንቅልፍና የአፍ መድረቅ አለው። ቫልፕሮኤት ልትወልድ ለምትችል ሴት አይሆንም፤ ቶፒራሜትም ለፅንስ አደገኛ ነው።

መከላከያ እንደ ማስታገሻ በአንድ ቀን አይሠራም። በትክክለኛው መጠን ቢያንስ 2 ወር ይፈልጋል። የማይሠራ ሲመስላችሁ መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ፦ በየቀኑ ወስዳችሁታል? መጠኑ ሐኪሙ እስካለው ደርሷል? ማስታገሻው ከገደቡ በታች ነው? ሦስቱም አዎ ሆነው ለውጥ ከሌለ ተመለሱና ሌላ ይቀየርላችሁ። ፕሮፕራኖሎልን ግን በድንገት አታቁሙ፤ ሐኪሙ በሚነግራችሁ መሠረት ቀስ በቀስ ይወርዳል።